ለቫናችን መስኮቶች በእጅ የተሠራ ወንፊት

በሰኔና በሐምሌ በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ሐይቆች ዳር መኪና ውስጥ የሚያድር ሰው መስኮቱን ቢዘጋ በሙቀትና በእርጥበት ይታፈናል፣ ቢከፍተው ደግሞ እስኪነጋ ድረስ የትንኝ ቀለብ ይሆናል። እኔና ባለቤቴ አሮጌዋን የፎርድ ኢኮኖላይን ቫን ገዝተን፣ የኋላ ወንበሮቿን አውጥተን፣ በምትካቸው የእንጨት አልጋ ካስገባንባት ወዲህ ከሁሉ በላይ ያሳሰበን ይኸው የመስኮት ጉዳይ ነው። ምድጃውም፣ መብራቱም፣ የውኃ ጀሪካኑም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ነገር ግን መስኮቱ የማይከፈት መኝታ፣ ፍራሹ ምንም ያህል ቢመች፣ እንቅልፍ አይሰጥም። ስለዚህ በዚህ ዓመት የጉዞው ወቅት ከመድረሱ በፊት አየር እያስገባ ትንኝ የሚያግድ የመስኮት ወንፊት በገዛ እጄ ለመሥራት ወሰንሁ። እንዴት እንደ ሠራሁትና እያንዳንዱን ነገር ለምን እንዲያ እንዳደረግሁት ከአእምሮዬ ሳይጠፋ እዚህ ላስፍረው።

መስኮት ዘግቶ መተኛት የሚያስከትለው ችግር ሙቀት ብቻ አይደለም። ሁለት አዋቂና አንድ ሕፃን በጠባብ ቫን ውስጥ ሲተነፍሱ ሲያድሩ ከትንፋሻቸው የሚወጣው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ በቀዝቃዛው መስታወትና በቆርቆሮው ላይ ጠብታ ሆኖ ይቋጥራል፣ ከዚያም በግድግዳው ወርዶ ከፍራሹ ሥር ይጠራቀማል። ሲሰነብት ሻጋታ፣ ከሻጋታውም ቀጥሎ ዝገት ይመጣል። በቫኑ ውስጥ የጋዝ ምድጃ የሚለኩስ ሰው ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ሊፈራ ይገባዋል፤ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ መግጠም የግድ ያስፈልጋል፣ አየር የሚያስገባ መስኮትም እንዲሁ። በሌላ በኩል ይኸው የምናስወጣው ትንፋሽ ትንኟን የሚጠራ ነው። ደም የምትፈልገው ሴቷ ናት፤ እንቁላሏን ለማሳደግ የሚያስፈልጋትን ፕሮቲን ከደም ታገኛለች። ሰው ያለበትን ከርቀት የምትለየው በትንፋሻችን ውስጥ ባለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ከቀረበች በኋላ በሰውነታችን ሙቀትና ጠረን ትመራለች። ሁለት ጣት ያህል ገርበብ ያለ መስኮት ትንፋሻችን ተጠራቅሞ የሚወጣበት ስለሆነ፣ ትንኟ ከቫኑ ዙሪያ ሁሉ ለይታ የምትመጣው ወደዚያች ክፍተት ነው።

እኛ አዘውትረን የምንሄደው ከዱሉት ከተማ ተነሥቶ የሱፒሪየርን ሐይቅ ዳርቻ ተከትሎ ወደ ሰሜን በሚወጣው በሀይዌይ 61 ነው። ጉዝቤሪ ፏፏቴ ካለበት ፓርክ ጀምሮ መንገዱ በየጥቂት ማይሉ ወንዝ ያቋርጣል። ውበቱን የሰጠው ይህ ውኃ ተናካሹንም አብሮ ይፈለፍላል። ትንኝ በቆመ ውኃ ስትራባ፣ ጥቁር ዝንብ የሚባለው ደግሞ የሚራባው በሚፈስስ ውኃ ነው፤ የሚናከሰውም ቀን በብርሃን ስለሆነ ለመኝታ አያሰጋም፣ ምሳ ሲበላ ግን ያሰቃያል። ሦስተኛዋ ከሁሉ የከፋች ናት፤ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝም፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር፣ ንክሻዋ ግን እንደ ፍም የሚያቃጥል ደቂቅ ትንኝ። በሚኒሶታ ወደ 50 የሚጠጉ የትንኝ ዝርያዎች ሲኖሩ፣ አብዛኞቹ ከማሳከክ ያለፈ ጉዳት ባያደርሱም የዌስት ናይል ቫይረስን የሚያስተላልፉ ስላሉ፣ ሕፃን ይዞ ለሚጓዝ ሰው ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ወንፊት ሲመረጥ መጀመሪያ መታየት ያለበት የቀዳዳው ስፋት ነው። ተራው የቤት መስኮት ወንፊት በአንድ ኢንች ውስጥ በአንዱ አቅጣጫ 18፣ በሌላው 16 ክር ያለው ሲሆን ቀዳዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ይህ ትንኝንና ዝንብን በሚገባ ያግዳል፤ ደቂቋ ግን ክንፏን አጥፋ ልታልፈው ትችላለች። ለእርሷ በሁለቱም አቅጣጫ 20 እና ከዚያ በላይ ክር ያለው መረብ ያስፈልጋል። ቀዳዳው በጠበበ መጠን ነፋሱም ስለሚቀንስ ሁሉንም መስኮት በጣም በጠበበው መሸፈን ትክክል አይመስለኝም። ስለዚህ በአልጋው ዙሪያ ላሉት መስኮቶች ጠባቡን፣ ቀን ቀን ለምንጠቀምበት ለጎኑ ተንሸራታች በር ደግሞ ተራውን መረጥሁ።

እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ወባ ይደርስባታል፤ ስለዚህ በእኛ ቤት አጎበር ሳይዘረጋ የሚተኛ ልጅ አልነበረም። እናቴ አጎበሩን ከሰቀለች በኋላ ሥራዋ ያለቀ አይመስላትም ነበር፤ ጎንበስ ብላ ዳር ዳሩን ከፍራሹ ሥር እየጠቀጠቀች፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ በእጇ እየዳሰሰች፣ አንዲት ስንጥቅ እንዳልቀረች ታረጋግጥ ነበር። «ዳሩ ካልተጠቀጠቀ አጎበሩ ጌጥ ነው» ትላለች እስከ ዛሬ። በስልክ የቫኑን ነገር ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ጨርቁ ወይም ስለ ዋጋው አልነበረም፤ «ጠርዙን በምን ልታይዘው ነው?» ብላ ነው። እውነትም ከዚህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜና ሐሳብ የወሰደብኝ ጠርዙ ነው። ትንኝ መረቡን በስታ አትገባም፤ የመስኮቱ ክፈፍና መረቡ በደንብ ያልገጠሙበትን ፈልጋ ታገኛለች።

ለቫን ተብሎ ተሠርቶ የሚሸጠው ወንፊት ጥሩ ቢሆንም ለአንድ በር ብቻ ከ100 ዶላር በላይ የሚጠየቅበትን አይቻለሁ፤ የእኛ ሥራ ግን የበሩን ዕቃ ጨምሮ 60 ዶላር አልፈጀም። በሃርድዌር መደብር በጥቅል የሚሸጠው የፋይበርግላስ ወንፊት ርካሽ ነው፤ አይዝግም፣ ቢታጠፍም እንደ አልሙኒየሙ ተጣሞ አይቀርም። ጉድለቱ ሲቆረጥ ጠርዙ መተርተሩና የተተረተረው ክር ቆዳን ማሳከኩ ነው፤ ስለዚህ ዙሪያውን በጨርቅ መከፈፍ አለበት። የሙሽራ ቬሎ የሚሠራበት ቱል ከሁሉ ይረክሳል፣ ለመስፋትም ይቀላል፤ ነገር ግን ሲወጠር ቀዳዳው ይሰፋል፣ ስለታም ነገር ከነካውም ወዲያው ይቀደዳል። ለአልጋው ዙሪያ የገዛሁት ለድንኳን የሚሆነውን፣ በያርድ እየተለካ የሚሸጠውን ጥቁር የፖሊስተር መረብ ነው። ጥቁር የመረጥሁት ብርሃን ስለማይመልስ ነው፤ ነጭ ወይም ግራጫ መረብ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራና ከበስተጀርባው ያለውን ይጋርዳል፣ በጥቁሩ ውስጥ ግን ሐይቁ ጥርት ብሎ ይታያል።

የመኪና መስኮት ማዕዘኑ የተጠጋጋ፣ ጎኑም ጠመዝማዛ ስለሆነ ሜትር ይዞ መለካት ብዙ አይረዳም። እኔ ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት ከውጭ በኩል በበሩ ላይ በፕላስተር ወጥሬ ለጥፌ፣ በአውራ ጣቴ የክፈፉን ዳር ተከትዬ አሸሁት። ወረቀቱ ላይ ጎላ ያለ መስመር ሲወጣ እርሳሴን አጋድሜ አለፍሁበት፤ የመስኮቱም ቅርጽ ከነማዕዘኑ ታተመ። ከዚያ መስመር ወደ ውጭ አራት ሴንቲ ሜትር ጨምሬ ቆረጥሁ። ይህ ትርፍ ማግኔቱ የሚቀመጥበትና በቆርቆሮው ላይ የሚያርፈው ክፍል ነው። የአንዱን በር ወረቀት ገልብጦ ለሌላው መጠቀም ስለሚቻል ድካሙ በግማሽ ይቀንሳል።

ማግኔት የሚይዘው ብረትን ብቻ ነው። አንዲት ትንሽ ማግኔት ይዤ ቫኗን ዞርሁና የት የት እንደምትይዝ ፈተሽሁ፤ የፊት በሮቹ ክፈፍ ከውጭ በኩል ብረት ስለሆነ ጠበቅ አድርጎ ያዘ፣ ከውስጥ ያለው ፕላስቲክ ግን የሚይዝ አይደለም። ስለዚህ የፊቶቹ ወንፊቶች ከውጭ እንዲለጠፉ ሆነ። ይህ አሠራር የራሱ ጥቅም አለው፤ ሌሊት ዝናብ ቢመጣ ወንፊቱን ሳይነኩ መስታወቱን ከውስጥ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ መዝጋት ይቻላል። ቀለሙ እንዳይጫር ማግኔቶቹ በጨርቅ ውስጥ ተሰፍተዋል፤ ከመለጠፋቸውም በፊት የመንገዱ አሸዋ በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ አለበት። ቡሎን ለማስገባት ቆርቆሮውን መብሳት ግን ፈጽሞ አልፈለግሁም። እዚህ አገር መንገዱ ለበረዶው ጨው ይነሰነስበታል፤ የተበሳ ቆርቆሮ ጨው ሲያገኘው የዝገት በር ይከፈታል።

ስፌቱን የሠራነው በቤተ ክርስቲያናችን ከማውቃቸው እትዬ ጋር ነው። እትዬ መርካቶ ለብዙ ዓመታት በልብስ ስፌት የኖሩ፣ አሁንም በቤታቸው የሲንጀር የስፌት መኪና ያላቸው ናቸው። መረቡ ከመርፌው ሥር እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ ከኋላዬ ቆመው «አትጎትተው ልጄ፣ መኪናው ራሱ ይውሰደው» አሉኝ፤ ከዚያም ከመረቡ ሥር ስስ ወረቀት አንጥፈው አብረው ሰፉትና ሲጨርሱ ወረቀቱን ቀደው አወጡት። ስፌቱ ሳይንሸራተት ቀጥ ብሎ ወጣ። ጥቅጥቅ ያለ ስፌት መረቡን እንደሚበሳሳውም የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ስፌቱን ራቅ ራቅ አድርገን፣ ክሩንም ፀሐይ ቶሎ ከሚያደክመው ጥጥ ይልቅ ፖሊስተር አደረግነው። ዙሪያውን በጥቁር የጨርቅ ጥብጣብ ከፈፍነው፤ ጥብጣቡ ለሁለት ታጥፎ መረቡን መሐሉ ይይዛል፣ ማግኔቱ የሚገባበትንም ቦይ ይፈጥራል። ማግኔቶቹን ያስገባነው ስፌቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቀድመው ቢገቡ ከስፌት መኪናው ብረት ጋር እየተጣበቁ ሥራ አያስኬዱም። በየማዕዘኑ አንዳንድ፣ በመካከሉም በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ አንዳንድ አድርገን፣ እንዳይንሸራተቱ በግራና በቀኛቸው በእጅ ሰፋናቸው።

እነዚህ ኒዮዲሚየም የሚባሉ ትንንሽ ግን ብርቱ ማግኔቶች ለሕፃን አደገኛ ናቸው። ሁለት ቢዋጡ በአንጀት ውስጥ ከዚህና ከዚያ ተሳስበው አንጀቱን እስከ መብሳት ይደርሳሉ። ልጃችን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ በሚያስገባበት ዕድሜ ላይ ስለሆነ የእያንዳንዱን ኪስ አፍ ሁለት ጊዜ ሰፋሁት፤ የተረፉትንም ቆጥሬ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጥሁ። ከጉዞ በፊትም ስፌቱን በጣት መዳሰስ የማይታለፍ ሥራ አድርገነዋል።

የጎኑ ተንሸራታች መስኮት ክፈፉ አልሙኒየም ስለሆነ ማግኔት አይዘውም፤ ለእርሱ ቬልክሮ ተጠቀምሁ። ሻካራው ወገን በክፈፉ ላይ ተለጠፈ፣ ለስላሳው በመረቡ ጠርዝ ላይ ተሰፋ። ሙጫው እንዲይዝ ክፈፉ በአልኮል ተወልውሎ መድረቅ አለበት፤ ከተለጠፈም በኋላ መረቡን ከማንጠልጠል በፊት አንድ ሙሉ ቀን መተው ይሻላል። በጋለ መኪና ውስጥ ሙጫ መላላቱ ስለማይቀር ማዕዘኖቹን ትንሽ ሲሊኮን ጨመርሁባቸው። ማግኔቱም ቬልክሮውም ከውስጥ በአንድ ግፊት የሚለቅቁ መሆናቸው ደስ ያሰኘኛል፤ እሳት ቢነሣ ቤተሰቤ በመስኮት መውጣት አለበት። የፊቶቹ ወንፊቶች ደግሞ ከመንዳት በፊት ይነሣሉ፤ ከኋላ ያለውን የሚያሳየው የጎን መስታወት የሚታየው በእነዚያ መስኮቶች በኩል ነውና።

ሁሉም ከተለጠፈ በኋላ በቀትር ቫኑ ውስጥ ገብቼ በሮቹን ዘግቼ በጀርባዬ ተኛሁ። ጥቁሩ መረብ ብርሃኑን ስለሚያለዝበው፣ ያልገጠመ ቦታ ካለ ነጭ መስመር ሆኖ ያበራል። በግራው በር የታችኛው ማዕዘን፣ ክፈፉ በሚታጠፍበት፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ብርሃን ነበረች፤ እዚያ አንድ ማግኔት ተጨመረና ጠፋች። ከዚያ ወዲህ ጉዝቤሪ አድረናል። ባለቤቴ ሕፃኑን ስታስተኛ ከውጭ የትንኞቹ ዝማሬ ይሰማ ነበር፤ ከሐይቁ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር በፊቱ መስኮት ገብቶ በጎኑ ሲወጣ ይታወቀን ነበር፣ ጠዋት መስታወቱ ደረቅ ነበር፣ በልጁም ፊት ላይ አንዲት የንክሻ ምልክት አልነበረችም። ለዚህች ጠዋት ስል ነው ያን ሁሉ ጠርዝ በትዕግሥት የሰፋሁት።

የቀረኝ የተንሸራታቹ በር መጋረጃ ነው። ከተራው ወንፊት ሁለት ገጽ ተቆርጦ፣ መሐል ላይ በአሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር እንዲደራረብና በማግኔት እንዲገጥም፣ ግርጌውም ነፋስ እንዳያነሣው ቀጭን ሰንሰለት እንዲገባበት አስቤአለሁ። ሰንሰለቱን እትዬ ከአሮጌ መጋረጃ ፈትተው ሰጥተውኛል። መጋረጃው ወለሉን አልፎ ሁለት ጣት ይርዘም ብለውኛል፤ ካጠረ ትንኟ በሥሩ ትገባለችና። ወረቀቱ ተቆርጧል፣ ጥብጣቡም ተገዝቷል፤ ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እርሳቸው ቤት ወስጄ እንሰፋዋለን።