«ወንበሩን ነው ያማከርከው?»

አሜሪካ ውስጥ የአእምሮ ጤና ምክር በማስተርስ ለሚማር ሰው ከፈተናው ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳው የሰዓት መዝገቡ ነው። ሠልጣኙ መዝገቡን ሥራውን ለምትከታተለው ሱፐርቫይዘሩ ያቀረበው ፕራክቲከሙ (የመጀመሪያው የተግባር ልምምድ) ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር፤ ጠቅላላ 104 ሰዓት፣ ከውስጡ ቀጥተኛ 43። የአማካሪነት ትምህርት ፕሮግራሞችን መዝኖ ዕውቅና የሚሰጠው ካክረፕ (CACREP) የሚጠይቀው ቢያንስ 100 እና 40 ነውና ያለቀለት መስሎታል። ሱፐርቫይዘሯ ግን ድምሩን ትታ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች።

«ማክሰኞ ጠዋት ማን መጣ?»

«ተገልጋዩ ቀረ። እኔ ግን ሰዓቱን ሙሉ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠብቄዋለሁ።»

«እና ወንበሩን ነው ያማከርከው?»

አነጋገሯ ይቆጠቁጣል፤ ስህተት ግን የለበትም። ቀጥተኛ የሚባለው ከተገልጋይ ጋር የተሠራበት ጊዜ ብቻ ነው። የቀረን ሰው መጠበቅ፣ የሌላ አማካሪን ሥራ ከመስታወት ጀርባ ማየት፣ ማስታወሻ መጻፍ፣ ራሱ ሱፐርቪዥኑም ከ40ው አይቆጠሩም። ብዙ ሰው የሚስተው ማስታወሻው ላይ ነው፦ 50 ደቂቃ ከተገልጋይ ጋር፣ 10 ደቂቃ ጽሕፈት፣ መዝገቡ ላይ «1 ሰዓት»። ለአንድ ቀን ኢምንት ናት፤ 36 ጊዜ ስትደጋገም ግን 6 ሰዓት ትሞላለች። ሁለት የቀሩ ተገልጋዮችና አንድ ሰዓት ምልከታ ሲታከሉበት የልጁ 43 ወደ 34 ወረደ።

የጎደለውን 6 ሰዓት በሁለት ሳምንት ለመሙላት ቶሎ የሚደርሰው የቡድን ምክር ነው፤ የ90 ደቂቃ ቡድን ከሌላ አማካሪ ጋር አራት ጊዜ መምራት ይበቃል። (ስምንት ሰው ስለተቀመጠ ሰዓቱ በስምንት አይባዛም። ይህንንም የሞከረ አለ።) ከመጀመሪያው ግን ሰው መቅረቱ አይቀርምና በሳምንት አራት ተገልጋይ የሚያስፈልገው ሠልጣኝ ስድስት መያዝ አለበት። ትርፉን ከፕራክቲከሙ ቀጥሎ ለሚመጣው ረጅም ልምምድ፣ ለኢንተርንሺፑ፣ አስቀምጣለሁ ማለት አይሠራም፤ የዚያ 600 ሰዓትና ከውስጡ የሚፈለገው 240 ቀጥተኛ ሰዓት ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ልጁ ዘጠኙን ሰዓት ሰርዞ አስተካከለ። እሷም ተራዋን መዝገቡን ሳብ አድርጋ የዕለቱን መስመር ሞላች፦ «የግል ሱፐርቪዥን፣ 1 ሰዓት»። የገባችው 20 ደቂቃ አርፍዳ ነው። ደንቡ «በሳምንት በአማካይ አንድ ሰዓት» ስለሚል መከራከሪያ አታጣም፤ የልምምዱን ውጤት የምትሞላውም እሷው ናት።

ልጁ ወንበሯን አየት አደረገና ከፊርማዋ ሥር ፈረመ።