ስንዴን ጠርጥሬ ሽንኩርት ላይ ደረስኩ፦ የኤሊሚኔሽን ዳየት ማስታወሻዬ

ሆዳችሁ በየጊዜው የሚነፋ፣ ቁርጠት የማያጣችሁ፣ "ዛሬ ደግሞ ምን በልቼ ነው?" ማለት የሰለቻችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ኤሊሚኔሽን ዳየት የሚባለውን ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ሆኜ ጀምሬ አሁን መገባደጃው ላይ ነኝ። የተጠረጠሩ ምግቦችን ለጥቂት ሳምንታት ታስወጣላችሁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ታያላችሁ። ሰው የሚያወራው ስለ ማስወጣቱ ነው። ዋናው ሥራ ግን መመለሱ ላይ ነው።

ምንም ከመጀመራችን በፊት ባለሙያዋ ወደ ሐኪም ልከው የሴሊያክ የደም ምርመራ እንዳደርግ ነገሩኝ። ሴሊያክ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ትንሹን አንጀት የሚያስጎዳበት በሽታ ነው። ምርመራው የሚፈልገው ግሉተን ሲበላ ደም ውስጥ የሚወጡ ፀረ እንግዳ አካላትን ስለሆነ፣ አስቀድሞ ዳቦ ያቆመ ሰው በሽታው እያለበት "ነፃ ነህ" ሊባል ይችላል። ያኔ ለማረጋገጥ እንደገና ለሳምንታት ግሉተን መብላት ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ዳቦ ከማቆማችሁ በፊት ተመርመሩ። የእኔ ንጹህ ወጣ።

አለርጂና አለመስማማትን መለየትም የግድ ነው። አለርጂ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ ትውከት፣ ሲብስም የትንፋሽ ማጠር ይመጣል፤ ቅንጣት ታህልም ልትበቃ ትችላለች። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ የሚያውቅ ከሆነ ምግቡን ቤት ውስጥ "እስኪ ልሞክረው" ማለት የለም። ያ ሐኪም ባለበትና አድሬናሊን በተዘጋጀበት ቦታ ብቻ የሚደረግ ነው። አለመስማማት ግን መጠን ያያል፣ ሰዓታት ቆይቶ ይመጣል፣ ያሰቃያል እንጂ አይገድልም። የእኔ ነገር ይኸኛው ነበር።

በደም ውስጥ አይጂጂ (IgG) የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል ለክቶ የማይስማማችሁን ምግብ ዘርዝሮ የሚሰጥ ምርመራም ይሸጣል። ገንዘባችሁን ያዙ። አይጂጂ በአብዛኛው የሚናገረው ያንን ምግብ እንደምትበሉት ነው፤ የአሜሪካም የአውሮፓም የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት ለዚህ ዓላማ አይመክሩትም።

ወተት፣ ስንዴ፣ እንቁላል፣ አኩሪ አተር፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አስወጣሁ። አሰልቺ ነው፣ ሌላ ቃል የለኝም። የማሸጊያ ጽሑፍ ማንበብ የዕለት ሥራ ይሆናል፤ "ካዜይን" ወይም "ዌይ" የሚል ካያችሁ የወተት ፕሮቲን ነው። አንዳንድ የመድኃኒት እንክብል ውስጥ እንኳ ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር፣ በመሙያነት ይገባል። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ክብደቱ ለወረደ ወይም ከምግብ ጋር የተጣላ ታሪክ ላለው ሰው ይህ ያለ ባለሙያ የሚሞከር አይደለም።

ሆዴ ብዙም ሳይቆይ ቀለለኝ። ደስ ይላል፣ ግን ከስድስቱ የቱ እንደሆነ ምንም አይነግርም። ሳስበው ያኔ የምበላው ሁሉ ቤት የበሰለ ነበር፣ መጠኑም ያነሰ። እዚህ ላይ ቆመው "ግሉተን አይስማማኝም" ብለው ዕድሜ ልካቸውን የሚከለከሉ ብዙ ናቸው።

የመመለሻው ሥርዓት ይህ ነው፦ አንድ ምግብ ብቻ፣ የመጀመሪያው ቀን በትንሹ፣ በማግስቱ ጨመር አድርጎ፣ በሦስተኛው ቀን እንደተለመደው መጠን። ከዚያ ሆድ እስኪረጋጋ ጥቂት ቀን ማረፍና ወደ ቀጣዩ። እንቁላልና አኩሪ አተር ከደሙ ንጹህ ሆነው ወጡ። የሽንኩርቱ ቀን ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦

"ጠዋት 2 ሰዓት፦ ሩዝ፣ የተቀቀለ ሽንኩርት ሁለት ማንኪያ። 4 ሰዓት፦ ደህና። 7 ሰዓት፦ ቀበቶ ፈታሁ። 9 ሰዓት፦ ቁርጠት፣ ከ10 ስድስት። ሌሊት በደንብ ተኝቻለሁ። መድኃኒት አልወሰድኩም።"

እንቅልፍና መድኃኒት የሚጻፈው ሆድ በእነሱም ስለሚረበሽ ነው። ለሴቶች የወር አበባም ቢመዘገብ ጥሩ ነው።

ስንዴው ግራ ያጋባል። ሁለት ቁራጭ ዳቦ ምንም አላለኝም፣ ትልቅ ሰሃን ፓስታ ግን ነፋኝ። ባለሙያዋ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው አስረዱኝ። ስንዴ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ፍሩክታን የሚባል ካርቦሃይድሬት ይጋራሉ። ትንሹ አንጀት አይፈጨውም፤ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርስና ባክቴሪያዎች አብላልተው ጋዝ ያደርጉታል። ሽንኩርት ደግሞ ግሉተን የለውም። ኖርዌይ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናትም ሴሊያክ የሌለባቸውን፣ ግን "ግሉተን አይስማማንም" የሚሉ 59 ሰዎች ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው ግሉተን፣ ፍሩክታንና ሁለቱም የሌለበትን እያፈራረቀ አብልቷቸው፣ በይበልጥ ያሰቃያቸው ፍሩክታን ሆኖ ተገኝቷል። እኔም በግሉተን ላይ የቀሰርኩትን ጣት አጥፌአለሁ።

አንድ ጠቃሚ ነገር፦ ፍሩክታን በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ጠብሶ ፍሬውን አውጥቶ መጣል ነው፤ ጣዕሙ ይቀራል፣ ሆድ ሰላም ይሆናል። ዘይቱን ግን የዕለቱን ብቻ አዘጋጁ፤ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት ውጭ ሲቀመጥ አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያፈራ ይችላል።

ወተቱን ዓይኔን ሸፍኜ ነው የፈተንኩት። "ያመኛል" ብሎ የጠበቀ ሰው ሊያመው ይችላልና ባለቤቴ አንዳንዱን ቀን መደበኛ ወተት፣ ሌላውን ቀን ላክቶስ የሌለው እየቀዳችልኝ የቱ እንደሆነ ለራሷ ትመዘግብ ነበር። ላክቶስ የሌለው ጣፈጥ ስለሚል በሁለቱም ውስጥ ካካዎ ትጨምራለች። ወረቀቶቻችንን ስናመሳክር ላክቶስ የሌለውን በጠጣሁበት አንድ ቀን "በጣም ነፋኝ" ብዬ መጻፌ ታየ፤ ሳቀችብኝ። የቀረው ግን ግልጽ ነው፦ አንድ ብርጭቆ ምንም አያደርገኝም፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ከሆነ ግን እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ላክቶስን የሚፈጨው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ያነሰው አብዛኛው ሰው ወደ 12 ግራም ላክቶስ፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ወተት ያህል፣ እንደሚችል ይታወቃል። የቆየ ደረቅ አይብ ደግሞ ላክቶሱ ከሞላ ጎደል ያለቀ ስለሆነ እንደልቤ እበላለሁ።

አሁን የቀረኝ ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ ነው። ባቄላው ውስጥ ያለው የፍሩክታን ዘመድ ስለሆነ ብዙ ተስፋ አላደርግም፤ ከሩብ ስኒ እጀምራለሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ ስንት ማንኪያ ላይ እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።