ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የሚያድር ቁልፍ

«ልጄ፣ ተነሣ። መኪናይቱ ብቻዋን ዐይኗን ገልጣ ጨፈነች።»

ዘበኛችን መስኮቴን አንኳኩተው ይህን ሲሉኝ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። ወሩ ጥቅምት 2017 ነው፤ በዚያ ወቅት የለገጣፎ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ግቢያችን ድንጋይ እየተነጠፈበት ስለነበር ላንድክሩዘሯን ለሳምንት ያህል ከአጥሩ ውጭ፣ የሳሎናችን ግድግዳ ከመንገዱ ጋር በሚገናኝበት ጥግ አቁሜያት ነበር። አባባ ያዩት ሁለት ወጣቶችን ነው። አንዱ ቦርሳ በደረቱ አቅፎ ግድግዳችን ላይ ተለጥፏል፤ ሌላው የመኪናዋን በር እጀታ ይዟል። ፍሬቻዎቿ ብልጭ አሉ። ያኔ አባባ የብረቱን በር በቆመጣቸው እየደበደቡ ጮኹ፤ ልጆቹም ራቅ ብላ ትጠብቃቸው በነበረች ቪትዝ ገብተው ጠፉ። ስወጣ የመኪናዬ በር ተከፍቷል። ቁልፉ ግን እንደ ወትሮው ሳሎን በር አጠገብ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

ይህን የምጽፈው ጥንቁቅ ነኝ ብዬ የማስብ ሰው ስለነበርኩ ነው። አጥሩ ላይ እሾሃማ ሽቦ ጠምጥሜያለሁ፣ ሁለት ካሜራ ሰቅያለሁ፣ ድመት ባለፈ ቁጥር ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ደወል አስገጥሜያለሁ። ካሜራዎቹ በዚያች ሌሊት ያስቀሩልኝ የሁለት ኮፍያ አናት ብቻ ነው።

በማግስቱ ነገሩን ያስረዳኝ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። በአዝራር የሚነሡ መኪናዎች እጀታቸው ሲነካ በአቅራቢያቸው ላለው ቁልፍ ደካማ የሬዲዮ ጥሪ ይልካሉ። ቁልፉ «አለሁ» ብሎ ሲመልስ በሩ ይከፈታል። ጥሪው የሚደርሰው አንድ ሜትር አካባቢ ብቻ በመሆኑ አምራቾቹ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሟል ብለው ያምናሉ። ሌቦቹ የሚያደርጉት ይህንን ርቀት ማራዘም ነው፤ አንዱ መሣሪያ የመኪናውን ጥሪ ተቀብሎ ግድግዳው ሥር ላለው ቦርሳ ያስተላልፋል፣ ቦርሳው ደግሞ ሳሎን ውስጥ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ይጠራዋል። ቁልፉ የዋህ ነው፤ ይመልሳል። ሞተሩ አንዴ ከተነሣ በኋላ ቁልፉ ቢርቅ እንኳ አይጠፋም፤ በጉዞ መሀል ቢጠፋ አደጋ ስለሚያመጣ ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል። አባባ ግማሽ ደቂቃ ቢዘገዩ ኖሮ መኪናዬን የምሸኛት በዐይኔ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግሁት ርካሹን ነገር ነው፤ ቁልፉን ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኩ። ማይክል ፋራዴይ በ1836 እ.ኤ.አ. ያሳየው ነገር ነው፤ ዙሪያውን በብረት የተከበበ ቦታ የውጭውን የኤሌክትሪክ መስክ አያስገባም። ለዚህ የተሠሩ ከረጢቶች አሉ፤ እኔ ግን ባለቤቴ የጨረሰችውን የብስኩት ቆርቆሮ ወሰድኩ። ትምህርት የሆነኝ ሙከራው ነው። ቁልፉን ቆርቆሮው ውስጥ ከትቼ መኪናዋ አጠገብ ቆሜ እጀታዋን ስነካ ተከፈተች! ክዳኑ በአንድ በኩል ላላ ብሎ ነበር። ውስጡን በአሉሚኒየም ፎይል ደርቤ፣ ክዳኑን አጥብቄ ደግሜ ስሞክር እንቢ አለች። ሳይሞክር የሚተማመን ሰው ካለ ዛሬ ማታ ይሞክር።

ከዚህ ሌላ የብዙ ቶዮታ ቁልፎች ምሥጢር አለ፤ የመዝጊያውን አዝራር እንደ ተጫኑ መክፈቻውን ሁለት ጊዜ ቢጫኑት የቁልፉ መብራት አራት ጊዜ ብልጭ ብሎ ቁልፉ ይተኛል፤ ጥሪ አይሰማም። የተዘጋጀው ለባትሪ ቁጠባ ነው። የሚነቃው አንዱ አዝራር ሲጫን ነው። መኪናውን ገዝቼ ዓመት ስቆይ መመሪያውን ገልጬ አላየሁም ነበር።

ቁልፉ ዝም ቢልም ሌላ መንገድ አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አንድ የመኪና ኮምፒውተር ደኅንነት ተመራማሪ የራሱ ቶዮታ ተሰረቀበት። ሌቦቹ ቀደም ብለው የፊት መከላከያውን ነቅለው ከፊት መብራቱ ጀርባ ያለውን ሽቦ ነካክተው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ይፋ እንደ ሆነው፣ ሙዚቃ ማጫወቻ ድምፅ ማጉያ በሚመስል ሣጥን ውስጥ የተደበቀ መሣሪያ በመብራቱ ሽቦ በኩል ለመኪናው «ትክክለኛው ቁልፍ ገብቷል» የሚል የሐሰት መልእክት ይልካል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሳቆም የመኪናዋን አፍንጫ ከግድግዳው አስጠግቼ ነው። እኛ ደግሞ ጠዋት በፍጥነት ለመውጣት በኋላ ማርሽ ገብተን ማቆም እንወዳለን፤ እኔ ይህን ልማድ ትቻለሁ። መሪው ላይም ደማቅ ቢጫ የብረት መቆለፊያ አደርጋለሁ። በመጋዝ ይቆረጣል፤ ነገር ግን መጋዝ ይጮኻል፣ አባባም ጆሯቸው ደኅና ነው።

ከሁሉ የምተማመንበት የተደበቀው ማጥፊያ ነው። ባለሙያው የሞተር ማስነሻውን መስመር የሚቆርጥ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አስገባልኝ። የነዳጅ ፓምፑን መስመር ላቋርጠው ብሎ ነበር፤ በመንገድ ላይ ቢበላሽ ሞተሩ እየተነዳ ስለሚጠፋ እንቢ አልኩ። መጀመሪያ ከመሪው ሥር አደረገው፤ እዚያ ሁሉም ሰው ይፈልጋል፣ አስቀየርኩት። የት እንዳለ አልጽፍም። ችግሩ ለባለቤቴም አለመናገሬ ነበር። አያት አደባባይ አጠገብ መኪናዋ አልነሣም ብላ፣ ባትሪ የሚያስነሣ ሰው ጠርታ፣ አርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆማ ደወለችልኝ። የነገረችኝን ሁሉ እዚህ መጻፍ አልችልም።

የመኪና መከታተያ መሣሪያም አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ስፈትሸው መኪናዋን ግቢ ቆማ ሳያት ካርታው ላይ መገናኛ ነበረች። የሲም ካርዱ ሂሳብ አልቆ ነበር፤ ያልሞላሁት እኔ ነኝ። አሁን ደመወዝ በገባ ቀን እሞላዋለሁ።

መኪናዋን የገዛኋት ያገለገለች ሆና ከአንድ ቁልፍ ጋር ነው። «ሌላው ጠፋ» ሲሉኝ አመንኩ። የጠፋ ቁልፍ ግን አንድ ቦታ አለ! ባለሙያው የቀድሞዎቹን ቁልፎች ሁሉ ከመኪናዋ ኮምፒውተር ሰርዞ ሁለት አዲስ መዘገበልኝ። ላቫጆ ላይም ቁልፍ ሰጥቶ ቡና ሊጠጣ የሚሄድ ሰው አሁን አይደለሁም፤ እዚያው ቆሜ እጠብቃለሁ። ስፖኪዮዎቿና የፊት መብራቶቿ ላይ የሰሌዳ ቁጥሩን አስቀርጫለሁ፤ ውበቷን ትንሽ ቀንሷል። የተቀረጸ ዕቃ ግን ለሻጭ አይመችም፣ ዛሬ ደግሞ መለዋወጫ እንደ ወርቅ ነው። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለና በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እንዲህ ያለ መኪና መተካት የሚታሰብ አይደለም።

ይህን ሳስብ የኢንሹራንስ ውሌን አውጥቼ አየሁ። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ቢሆንም ለስርቆት አይከፍልም፤ እኔ ሙሉ ሽፋን አለኝ። ነገር ግን ውሉ ላይ ያለው ዋጋ ብር ከመውረዱ በፊት የተገመተ ነበር። ተሰርቃ ቢሆን ኖሮ በሚሰጠኝ ገንዘብ ግማሿን እንኳ አልገዛም። አስገምቼ አስተካከልኩ፤ ዓመታዊ ክፍያው ሲጨምር አዘንኩ፣ ከፈልኩም።

ለእሾሃማው ሽቦ ካወጣሁት ያነሰ ብር አባባ ደመወዝ ላይ ጨመርኩ፣ ወፍራም ካፖርትና ጠንካራ የእጅ ባትሪም ገዛሁላቸው። አሁን ማታ ማታ በራቸውን ሳልፍ አንድ ጥያቄ አላቸው፦

«ልጄ፣ ብስኩቱ ተከደነ?»

«ተከድኗል፣ አባባ።»

«አጥብቀኸዋል?»

ተመልሼ አያለሁ።