በገና በዙም ሲደረደር
ዛሬ ማታ እዚህ ድሬ ሆነን በዙም የተከታተልነው የበገና፣ የኮራና የፓራጓይ ሃርፕ ኮንሰርት ደስ ይል ነበር። 21 አውታር ያለው የምዕራብ አፍሪካው ኮራ ጥርት ብሎ ገባ። በገናው ግን ተቆራረጠ፤ ጥፋቱ የደርዳሪው አይደለም።

የበገና 10 አውታሮች ብርኩማ የሚባለው ደጋፊ እንጨት ላይ ሲያርፉ ከየሥራቸው እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ድምፁን የሚያስነዝረው እሱ ነው። ዙም ደግሞ ይህን ንዝረት የቬንትሌተር ጫጫታ መስሎት ያፍነዋል። በገናን ያለ ንዝረቱ መስማት ከልብ ያሳዝናል!

ለደርዳሪዎች፦ ከመጀመራችሁ በፊት የዙም ድምፅ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ «ኦሪጅናል ሳውንድ»ን አብሩ፤ የጫጫታ ማጣሪያውን ይዘጋል። ማይኩን ከበገናው ሁለት ስንዝር ያህል አርቁት፤ በጣም ከቀረበ ወፍራሞቹ አውታሮች ድምፁን ያበላሹታል። ቬንትሌተሩም ይጥፋ። በድሬ ሙቀት ከባድ ነው፣ ግን ማጣሪያው ሲዘጋ ማይኩ ሁሉንም ይሰበስባል። የአንጀት አውታር በሙቀትና በእርጥበት ቅኝቱ ስለሚዛነፍ፣ በገናው የሚደረደርበት ክፍል ውስጥ ትንሽ ቆይቶ ይቃኝ።

አድማጮችም በስልኩ ስፒከር አትስሙት፤ የበገና ወፍራም ድምፅ በኢርፎን ነው የሚገኘው።