ኮፈኑ ላይ የቀረው እጅ

አሮጌዋን ቮልስ ቀለም ቀብተን ካስረከብን ሰባት ወር አልፏል። አንድ ጠዋት ባለቤቱ ይዟት መጣ። ብዙ አላወራም፤ ኮፈኑን ብቻ አሳየን። ከሰማያዊው ቀለም ሥር ጥቃቅን እብጠቶች ወጥተዋል። ጠጋ ብዬ ሳይ ቅርጽ አላቸው። አራት ጣትና የመዳፍ ጠርዝ።

አለቃዬ ጋሼ እጄን ያዙና እላዩ ላይ አስቀመጡት። ልክክ አለ።

«በል ንገረኝ» አሉ።

ምን ማምለጫ አለ? ነገርኳቸው። ያን ዕለት የድሮውን ቀለም ልጬ፣ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ ላሜራውን ባዶ አውጥቼው ነበር። ጎድጓዳ ቦታ ካለ ብዬ በእጄ ዳበስኩት። ሙቀት ስለነበር እጄ አልቦታል። ሰዓቱም ስለመሸ ፕራይመሩን፣ ከቀለሙ በፊት የሚነፋውን መሠረት፣ ለነገ ብዬ ወጣሁ። ሌሊቱን ዘነበ።

ጠዋት ላሜራው ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር አየሁ። መሐሉ ላይ አሻራዬ ጠቆር ብሏል። ዝገት መሆኑ አልጠፋኝም፤ ለጋሼ መናገር ግን አፈርኩ። ጨርቅ ቲነር ነክሬ ወለወልኩት። ጠፋ። ማለቴ፣ የጠፋ መሰለኝ። ዝገቱ ብርጭቆ ወረቀቱ የጫረው መስመር ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። የላብ ጨው ደግሞ በውሃ እንጂ በቲነር አይሟሟም። ወዲያ ወዲህ ነው ያመላለስኩት። ከላይ የነፋሁት ግራጫው ፕራይመርም ጭረት የሚሞላ ዓይነት ነው። እርጥበት ያሳልፋል። ለዝገት ከዚህ የተሻለ ድግስ የለም።

ኮፈኑን እንደገና ላጥነው። በዚህኛው ዙር ጋሼ ከአጠገቤ አልራቁም። መጀመሪያ ቅባት ማስለቀቂያ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። ከተገላበጠ ቀለሙ ላይ ያለውን ሰምና ቅባት ራሳችን ጭረቱ ውስጥ እንጠቀጥቀዋለን። ቀጥሎ ውሃ ባለበት ማጽጃ ጠርገን ወዲያው በአየር አደረቅነው። ከዚያ እንደገና ቅባት ማስለቀቂያ፣ በሁለት ጨርቅ፦ አንዱ እርጥብ፣ አንዱ ደረቅ። ደረቁ የሚከተለው ፈሳሹ ሳይተን ነው። ከተነነማ ቆሻሻው እዚያው ይቀራል። (እኔ እስከዚያ ቀን በአንድ ጨርቅ ነበር የምሠራው።) ጓንትም ከእጄ አልወለቀም።

አሁን የተጠቀምነው ኢፖክሲ ፕራይመር ነው። ባዶ ብረት ላይ በደንብ ይይዛል፣ እርጥበትም ይከለክላል። ጣሳው ላይ ከማጠንከሪያው ጋር ከተደባለቀ በኋላ 30 ደቂቃ ይቆይ ይላል። እነዚያ 30 ደቂቃዎች አላልቅ አሉኝ፤ ላሜራው እያየሁት የሚዝግ ይመስለኛል። ስቱኮውን፣ ጎድጓዳ መሙያውን፣ ጋሼ ከኢፖክሲው በላይ ነው ያስደረጉኝ። ባዶ ላሜራ ላይ ይሁን የሚሉ ቀቢዎች አሉ፤ እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ።

የመጀመሪያውን እጅ ኢፖክሲ ነፍቼ ስጨርስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ጋሼ እስከዚያ መብራቱን ይዘውልኝ ቆመው ነበር።