የጸጉር ክኒኑ እና የጠፋው ብርሃን

ዶክተሩ ሲደውል ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ የደም ሰጪው ወረፋ ገና አልቀለለም። ሰላምታ እንኳን በቅጡ አልሰጠኝም።

«ትናንት የላካችሁት የታይሮይድ ውጤት ልክ ነው? ቲኤስኤች 0.02፣ ፍሪ ቲ 4 ጣሪያ የነካ። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ልባቸው የሚዘል፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ የከሱ ሴትዮ ይጠብቃል። እኔ ፊት የተቀመጡት ግን የልብ ምታቸው 68 ነው። እንዲያውም ወፈርኩ ብለው እያማረሩኝ ነው።»

ቲኤስኤች አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ «ሥራ» እያለ የሚያዝ ሆርሞን ነው፤ ፍሪ ቲ 4 ደግሞ ዕጢው ራሱ የሚያመርተው። የመጀመሪያው ወርዶ ሁለተኛው ሲወጣ ዕጢው ከልክ በላይ እየሠራ ነው ማለት ነው። እኛ ላብራቶሪ የምንውል ሰዎች እንዲህ ያለ ስልክ አንወድም። መጀመሪያ የሚመጣው «ቲዩብ ተቀያይሮ ይሆን?» የሚል ድንጋጤ ነው። ባርኮዱን አየሁ፤ የሳቸው ነው። የጠዋቱን ኮንትሮል፣ ማሽኑን የምንፈትንበትን መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና፣ አየሁ፤ ዝቅተኛውም ከፍተኛውም ከሚጠበቀው ክልል መሃል ላይ ተቀምጧል። ፍሪጅ የተቀመጠውን ሴረም፣ ከደማቸው የተለየውን ፈሳሽ፣ አውጥቼ ደገምኩት። 0.02። ሴትዮዋን አስጠርተን እንደገና ደም ቀዳን። አሁንም ያው። ማሽኑ ቃሉን አላጠፈም።

እዚህ ላይ ማሽኑ ምን እንደሚያይ ካልነገርኳችሁ ታሪኩ አይገባም። ማሽናችን ሆርሞን አያይም። የሚያየው ብርሃን ብቻ ነው።

ተማሪ ሳለሁ የለመድኩት ኤላይዛን፣ ናሙና ውስጥ ያለን ፕሮቲን በቀለም የሚለካውን ዘዴ፣ ነበር። 96 ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት ፕሌት፣ እጅ እስኪዝል በፓይፔት መጨመር፣ ማጠብ፣ ሶፍት ላይ ገልብጦ መታ መታ ማድረግ። መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ፈሳሽ ጉድጓዶቹን ሰማያዊ ያደርጋቸዋል፤ አሲድ ጠብ ሲልበት ሰማያዊው ወዲያው ወደ ቢጫ ይገለበጣል። ፕሮቲኑ የሌለበት ጉድጓድ ውኃ ይመስላል፣ ትንሽ ያለበት ብርዝ፣ ብዙ ያለበት ጠጅ። ሪደሩ፣ ማለትም ማንበቢያ መሣሪያው፣ 450 ናኖሜትር ላይ ያለ ብርሃን አሳልፎ ምን ያህሉ ቢጫው ውስጥ እንደቀረ ይለካል። አንዴ አሲዱን እንደጨመርኩ መብራት ሄደብኝ። ጀነሬተሩ እስኪነሳ 40 ደቂቃ። አሲድ የገባበት ፕሌት በደቂቃዎች ውስጥ መነበብ አለበት፤ የአንድ ቀን ተኩል ልፋቴን ከነቢጫው ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። እስከ ዛሬ ጠጅ ሲቀዳልኝ ያቺ ፕሌት ትዝ ትለኛለች።

ቀለም መለካት ሌላም ችግር አለው። ቢጫው በጣም ሲደምቅ፣ ሪደሩ 3 የሚል ቁጥር ሲጽፍ፣ ያለፈው ብርሃን ከሺህ አንድ ነው ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ማመን ይከብዳል። የአሁኑ ማሽናችን ነገሩን ገልብጦታል፦ ጨለማ ክፍል ውስጥ ናሙናው ራሱ እንዲበራ ያደርግና ብርሃኑን ይቆጥራል። በጠራራ ፀሐይ የጥላን ድቅድቅነት ከመገመት፣ በጨለማ ቤት ስንት ጧፍ እንደበራ መቁጠር ይቀላል። ከዚያ በፊት ደግሞ በጨረር ነበር የሚቆጠረው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሮዛሊን ያሎው ከባልደረባዋ ከሰለሞን በርሰን ጋር ሬድዮአክቲቭ አዮዲን ለጥፋ ኢንሱሊን የለካችበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1977 ኖቤል አሸልሟታል። በርሰን ግን በ1972 ሞቶ ስለነበር ሽልማቱን አላየውም። ይህቺ ነገር ሁልጊዜ ታሳዝነኛለች።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። ቲኤስኤች ፕሮቲን ነው፤ ሁለት አንቲቦዲ፣ ማለትም እሱን ለይተው የሚይዙ ሌሎች ፕሮቲኖች፣ ከሁለት ወገን ሊይዙት ይችላሉ። የአንደኛው አንቲቦዲ ጅራት ላይ ባዮቲን ተሰክቷል። የሁለተኛው ላይ ኤሌክትሪክ ሲነካው ብርቱካናማ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ሩቴኒየም የሚባል ብረት አለ። ከዚያ ስትሬፕታቪዲን በሚባል፣ ባዮቲንን አጥብቆ በሚይዝ ፕሮቲን የተለበጡ፣ ማግኔት የሚስባቸው ደቃቅ ቅንጣቶች ይጨመራሉ። ባዮቲንና ስትሬፕታቪዲን አንዴ ከተያያዙ በዋዛ አይላቀቁም። ማግኔቱ ቅንጣቶቹን ይይዛል፣ የተረፈው ታጥቦ ይሄዳል፣ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፣ ብርሃኑ ይቆጠራል። ብዙ ብርሃን፣ ብዙ ቲኤስኤች።

ባዮቲን ማለት ደግሞ ቫይታሚን ቢ 7 ነው። ለጸጉርና ለጥፍር ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው።

ይህ ሐሳብ የመጣልኝ ምሳ ላይ ነው፤ እውቀቴ አይደለም፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ ስለ ጸጉሯ መነቃቀል እያወራች ስለነበር ነው። እንጀራዬን ትቼ ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለም የኔ ልጅ። ጠዋትም ለዶክተሩ ነግሬዋለሁ።»

«ቫይታሚንስ? የጸጉር ነገር?»

«እሱማ አለ። ልጄ ከሜሪላንድ የላከችልኝ። እሱ መድኃኒት ነው እንዴ?»

ጠርሙሱን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ላኩልኝ። በአንድ ክኒን 10,000 ማይክሮግራም። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 30 ማይክሮግራም ይበቃዋል። እሳቸው ደግሞ ቶሎ እንዲያበቅልላቸው ብለው ጠዋት ጠዋት ሁለት ሁለት ይውጣሉ፤ ደም የሰጡትም ውጠው በመጡ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው።

የሆነው እንግዲህ ይህ ነው። ደማቸው ውስጥ የሚዋኘው ባዮቲን ቀድሞ ቅንጣቶቹ ላይ ያለውን ቦታ ሁሉ ያዘ። ቲኤስኤቹን አቅፎ የመጣው አንቲቦዲ መቀመጫ አጣና ከእጣቢው ጋር ወረደ። ብርሃን ጠፋ፤ ማሽኑም «ቲኤስኤች የለም» አለ።

ፍሪ ቲ 4 ላይ ነገሩ ይብሳል። ቲ 4 ትንሽ ስለሆነ ሁለት አንቲቦዲ አይችለውም፤ የሚለካው በፉክክር ነው፦ የሰውዬው ቲ 4 እና እኛ የምንጨምረው ባዮቲን የተሰካበት ቲ 4 የሚያበራውን አንቲቦዲ ይሻማሉ። የሰውዬው ሆርሞን በበዛ ቁጥር ብርሃኑ ያንሳል። ስለዚህ እዚህ ብርሃን ሲጠፋ ማሽኑ «ሆርሞኑ ሞልቷል» ይላል። አያችሁት? አንዱ በሐሰት ዝቅ፣ ሌላው በሐሰት ከፍ፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ልክ ከመጽሐፍ የወጣ የታይሮይድ በሽታ። ውጤቱ የተዘበራረቀ ቢሆን ኖሮ እኔው እጠረጥር ነበር። እርስ በርሱ የሚመሰክር ውሸት ነው ያሳለፈኝ።

ኮንትሮሉስ ለምን አልያዘውም? ኮንትሮል የጸጉር ክኒን አይውጥማ።

ናሙናውን ባዮቲን በማይጠቀም ዘዴ ለሚሠራ ሌላ ላብራቶሪ ላክነው፤ ቲኤስኤች 2.1፣ ፍጹም ደህና። እሳቸውም ክኒኑን 3 ቀን አቁመው ተመለሱ፤ በኛም ማሽን ዳር ዳሩን ያው መጣ። ያ ዶክተር ወረቀቱን አምኖ የዕጢ ማድከሚያ ቢጽፍላቸው ኖሮ፣ ደህና ዕጢ ያላቸውን ሴትዮ በገዛ እጃችን ልናሳምም ነበር። እንቅርቱ ሳይኖር ጆሮ ደግፍ። ወረቀቱን ሳይሆን ሰውየውን የሚያይ ሐኪም ዋጋው ስንት እንደሆነ እኛ እናውቃለን፤ ስልኩን ባንወደውም።

የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ስለዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ ብዙ ባዮቲን ሲወስድ የነበረ፣ ትሮፖኒኑ (ልብ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው ፕሮቲን) በሐሰት ዝቅ ብሎ የተነበበ አንድ ታካሚ መሞቱንም ጠቅሷል። ከዚያ ወዲህ የወጡ ሪኤጀንቶች፣ ማለትም ማሽኑ የሚሠራባቸው የመመርመሪያ ፈሳሾች፣ ባዮቲንን በጣም ይቋቋማሉ። የኛው ግን የድሮው ዓይነት ነበር፤ ያለውን ጨርሰን ነው አዲሱ የሚገባው።

ደም መቀበያው መስኮት ላይ በእጄ ጽፌ ለጠፍኩ፦ «የጸጉር ወይም የጥፍር ክኒን ይወስዳሉ?» «መድኃኒት» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ማንም አዎ አይላችሁም።

እትዬ የመጨረሻውን ውጤት ሊወስዱ ሲመጡ ነገሩን በአጭሩ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰምተው፣

«ታዲያ በሽታ የለብኝም?» አሉ።

«የለብዎትም።»

«ተመስገን። ልጄ እኮ ሦስት ጠርሙስ ነበር የላከችልኝ። አንዱን ለጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ፤ እሷ ደግሞ እንቅርት አለባት፣ ሰኞ እዚሁ እናንተ ጋ ነው ደም የምትሰጠው።»

እኔ አፌን ሳልከፍት ስልካቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው መደወል ጀምረዋል።