ከናይሮቢ መልስ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ሰሞኑን የት ጠፋሽ ላላችሁኝ፣ ናይሮቢ ነበርኩ። እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቻችን ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ሰዎች ጋር እዚያ ያለውን የኢትዮጵያውያን አጥቢያ ልናገለግል ሄደን ነው። ጊዜውን የመረጥነው በታኅሣሥ የኬንያ ልጆች ትምህርት ስለሚዘጋባቸው ነው። የኛዎቹን ግን ከትምህርት ቤት ለምነን ነው ያስፈቀድናቸው።

ከመሄዳችን በፊት አንዲት ጎረቤታችን ቡና ላይ «ጎንደር ውስጥ የሚረዳ ሰው አለቀ እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የራሳችን ተፈናቃይ አለ። ከ2015 ሚያዝያ ወዲህ ደግሞ የሱዳንን ጦርነት ሸሽቶ በመተማ በኩል የገባው ብዙ ነው። ብርና ልብስ ለመስጠት ቢሆን ኖሮ የአውሮፕላኑን ገንዘብ እዚሁ ማዋል ይሻል ነበር። አሁንም እንደዚያው ነው የማምነው። እነሱ የጠሩን ግን ለሌላ ነው፤ ልጆቻቸውን ፊደል የሚያስቆጥርላቸው ሰው ፈልገው።

እዚያ ካሉት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ወደ ሦስተኛ አገር ለመሻገር ዓመታት ይጠብቃሉ። ወላጅ ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጥ ይውላል፤ ልጁ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ያድጋል። አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲናገሩ ግን ቆሎው «ኮሎ»፣ ጠላው «ተላ» ይሆናል። ባለቤቴን «አንክል» ሲሉት ፊቱ ጠቆረ። በሁለተኛው ቀን «ጋሼ» አስባላቸው።

የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ በስልክ አሳየናቸው። እነዚያን ዓይነ ትልልቅ መላእክት ሣሉ ስንላቸው፣ አንዷ መልአኳን ሹሩባ ሠርታ፣ የትምህርት ቤት ክራባት አስራ አመጣችው። ስለ ጥምቀትም አወራናቸው። የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ እንደሚሞላ፣ ጥር 11 ካህናቱ ከባረኩት በኋላ ወጣቱ እየዘለለ እንደሚገባ። አንድ ትንሽ ልጅ እጁን አወጣና «ዋና የማይችልስ?» አለ። ጋሼ ትንሽ አሰበና «ዳር ቆሞ ይረጫል» አለው። ልጁ ብዙም አላመነውም።

ታኅሣሥ 16 የእነሱ ገና ነው። ሰፈሩ ሁሉ ኛማ ቾማ በሚሉት የሥጋ ጥብስ ጢስ ታጠነ። እኛ ደግሞ ጾመ ነቢያት ላይ ነን። ያረፍንበት ቤት አከራይ፣ ኬንያዊት እናት ናቸው፣ ሥጋ በሳህን ሙሉ ይዘው መጡ። በገና ቀን መጾም ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ቀላል አይደለም! ገናችን ገና መሆኑ ሲገባቸው ሳህኑን ይዘው ተመለሱ። ወዲያው ኡጋሊና ሱኩማ ዊኪ ይዘው መጡ። ሱኩማው የኛው ጎመን ነው፤ ኡጋሊው ጠንከር ያለ የበቆሎ ገንፎ። ልጆቼ ከጉዞው ሁሉ አብዝተው የሚያወሩት እሳቸውን ነው። ከተማውን ብዙም አላየንም፤ የናይሮቢ የመንገድ መጨናነቅ ቀን ይበላል።

ትምህርቱ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ቀጥሏል። ኔትወርክ ሲፈቅድ ማለቴ ነው። ችግሩ፣ ያ ሁሉ ልጅ በአንድ ስልክ ላይ ሲጫጫህ ማንም አይሰማም። ለአንድ ልጅ አንድ ሰው ቢገኝ ነገሩ ሌላ ነበር። አስተማሪ መሆን አያስፈልግም። ተረት የምታውቁ፣ ትዕግሥት ያላችሁ፣ በሳምንት ግማሽ ሰዓት የማታጡ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ውጭ አገር ላላችሁም ይሆናል፤ ሰዓቱን እናስተካክላለን። እስከ ጥምቀት ድረስ ስም እሰበስባለሁ።

በሉ፣ ሽንኩርቱ እንዳያርብኝ። መልካም ገና!